የ1960ው የገበሬዎች አመፅ ምልክት ያስፈልገዋል

ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ትምህርት የሩቅ አገር ታሪክ አይደለም፤ እዚሁ እኛ ሞጣ አካባቢ የሆነ ነው።

ሰባራ ድልድይን ሁላችንም እናውቃለን። በዓባይ ላይ በዐፄ ፋሲል ዘመን ተሠራ፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ጠላት እንዳይሻገርበት አርበኞች መሐሉን አፈረሱት። ይህን ማንም ይነግራችኋል። ግን «በ1960 ዓ.ም. እዚህ ምን ተደረገ?» ብዬ የክፍሌን ልጆች ስጠይቅ አንድም የመለሰልኝ የለም። እኔም ብሆን አያቴ ባትነግረኝ ኖሮ አላውቀውም ነበር።

አመፁ ለምን ተነሣ?

በ1960 ዓ.ም. መንግሥት የእርሻ ገቢ ግብር የሚባል አዲስ አዋጅ አወጣ። ግብሩን ለመወሰን የገበሬው ምርት መገመት ነበረበት። የጎጃም መሬት ደሞ ርስት ነበር፤ ርስት ማለት ከአያት ከቅድመ አያት የሚወረስ መሬት ነው። ገበሬው «ዛሬ ምርቱን ከገመቱ ነገ መሬቱን በቀላድ ይለኩታል፣ ከዚያ ርስታችን ይወሰዳል» ብሎ ሰጋ። (ቀላድ የመሬት መለኪያ ገመድ ነው።) በሹማምንቱም ተማሮ ነበር። ስለዚህ በሞጣ፣ በዳሞትና በሌሎችም ቦታዎች «ገማች አይገባም!» ብሎ ተነሣ።

ከዚያስ ምን ሆነ?

መንግሥት ጦር ላከ። አውሮፕላንም መጥቶ ቦምብ ጣለ። አያቴ ያኔ ልክ እንደ እኔ የ13 ዓመት ልጅ ነበረች። «ድምፁን ስንሰማ ከብቱንም እንስራውንም ጥለን ገደል ሥር ገባን፤ እናቴ አፌን በእጇ ይዛኝ ነበር» አለችኝ። ብዙ ሰው ሞተ። በመጨረሻ ግን ጠቅላይ ገዥው ተነሡ፤ የቆየው ውዝፍ ግብርም ለጎጃም ገበሬ ተሰረዘ።

ታዲያ እኛ ምን እናድርግ?

አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ የየካቲት 12 ሐውልት አለ። እሱን የሚያይ ልጅ «ይሄ ምንድነው?» ብሎ ይጠይቃል። የኛ ገደል ግን ዝም ብሎ ገደል ነው። ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው፦

1ኛ. እያንዳንዳችን አያቶቻችንን ጠይቀን ቦታዎቹን በደብተር እንጻፍ።
2ኛ. ቦታዎቹን የሚያገናኝ የእግር መንገድ መርጠን ከመምህራን ጋር በዓመት አንድ ቀን እንጓዝ።
3ኛ. በቆርቆሮ ላይ በቀለም የተጻፈ ሰሌዳ በየቦታው እንትከል።

አንድ ጓደኛዬ «የድሮ ጠብ መጻፍ ቂም አያነሣሣም ወይ?» አለኝ። ጥያቄውን ለአያቴ ወሰድኩላት። ትንሽ ዝም ብላ «ልጄ፣ የመጡት ወታደሮችም የገበሬ ልጆች ነበሩ። የነሱም እናት አልቅሳለች፤ እሱንም ጻፉት» አለችኝ። ስለዚህ ሰሌዳችን የሁለቱንም ወገን ሟቾች ማንሣት አለበት። ያኔ ትምህርት ይሆናል እንጂ ቂም አይሆንም።

አንባብያን ሆይ! አያቴ አሁን ዓይኗ ደክሟል። ባለፈው ቅዳሜ እጄን ይዛ ገደሉን አሳየችኝ፤ ከቤተሰባችን ቦታውን የምናውቀው እሷና እኔ ብቻ ነን። በናንተም ቤት እንዲህ የሚያውቅ ሰው ይኖራል። ዛሬ ማታ ጠይቁት፤ ነገ አይባልም።

የመለማመጃ ጥያቄዎች
1. ርስትና ቀላድ ምን ማለት ናቸው?
2. ገበሬዎቹ ግመታውን ለምን ፈሩ?
3. በናንተ ሰፈር ሰሌዳ ቢተከል ምን ተብሎ ይጻፍበት?

መልሳችሁን ለሚኒ ሚዲያ ክበብ አምጡ።