ስለ ከተማ ባቡርና ስለ ታማኝነት

ባቡር በብረት ሐዲድ ላይ የሚሄድ መጓጓዣ ነው። ፉርጎዎቹ እርስ በርሳቸው ተያይዘው ብዙ ሰውና ብዙ ዕቃ በአንድ ጊዜ ይሸከማሉ። በኢትዮጵያ የሐዲድ ሥራ የተጀመረው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ሐዲዱም ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ባቡሩ የሚቆምበት ስፍራ በፈረንሳይኛ «ላ ጋር» ይባል ስለ ነበር፥ ሰፈሩ እስከ ዛሬ ለገሃር ተብሎ ይጠራል።

ያ ባቡር ይልቁንም ለሩቅ መንገድ የተሠራ ነበር። በከተማ ዳርቻ የሚኖረውን ሰው ወደ ሥራው የሚያደርስ ሌላ ባቡር ግን በ2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተከፈተ። ይህ ባቡር ከላዩ በተዘረጋ ሽቦ በሚመጣ የኤሌክትሪክ ኃይል ይሄዳል። በተከፈተ ጊዜ አንዱ መስመር ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች፥ ሁለተኛው ከቃሊቲ እስከ ምኒልክ አደባባይ ይደርስ ነበር። ርዝመታቸው በአንድነት 34 ኪሎ ሜትር ያህል፥ ጣቢያዎቻቸውም 39 ነበሩ።

በደምበጫ ባቡር የለም። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው በአውቶቡስ ተሳፍሮ በደብረ ማርቆስ ያልፋል፤ የዓባይንም በረሃ ወርዶ ይወጣል። አንድ የደምበጫ ልጅ ትምህርት ቤት በተዘጋ ጊዜ በዚህ መንገድ ተጉዞ አጎቱን ሊጠይቅ ሄደ። አጎቱ ግንበኛ ነበር፤ በቃሊቲ ይኖራል፥ በከተማው መካከል ይሠራል።

በማግሥቱ ጧት ሁለቱ ወደ ጣቢያው ሄዱ። ትኬት በሚሸጥበት ቦታ ረጅም ሰልፍ ነበር። ተራቸው ሳይደርስ ባቡሩ መጥቶ ቆመ፤ በሮቹም ተከፈቱ። ልጁም «አጎቴ፥ ይምጡ እንግባ! በዚህ ሁሉ ሕዝብ መካከል ትኬት የሌለውን ማን ይለያል?» አለ። አጎቱ ግን ከሰልፉ አልወጣም። በሮቹ ተዘጉ፤ ባቡሩም ሄደ። ካቦው የዘገየውን ሠራተኛ ደመወዝ እንደሚቀንስ ልጁ ሰምቶ ነበርና እጅግ አዘነ።

ሁለተኛውን ባቡር ሲጠብቁ አጎቱ እንዲህ አለው፤ «ልጄ፥ በአገራችን ደቦ ሲጠራ ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይመጣል፤ አጭዶም በአንድነት ይበላል። አንድ ሰው ማጭድ ሳይዝ ለምሳ ብቻ ቢመጣ ምን ትለዋለህ?»

ልጁም «ሆዳም ነው፤ የሌላውን ድካም ይበላል» ብሎ መለሰ።

«እንግዲህ ባቡሩም እንደ ደቦ ነው። ነጂው ደመወዝ ይሻል፤ ኤሌክትሪኩ ዋጋ አለው፤ የተበላሸውም መጠገን አለበት። ለዚህ ሁሉ የእኔ ማጭድ ይህች ትኬት ናት» አለው።

ባቡሩ በመጣ ጊዜ ገቡ። እስኪወርዱም ድረስ ትኬታቸውን ያየ ሰው አልነበረም። ልጁ «ማንም አልጠየቀንም፤ በከንቱ ዘገየን» አለ። አጎቱም «አንድ ጠያቂ አለ፤ እርሱም ኅሊናችን ነው» ብሎ መለሰለት። በዚያ ቀን ካቦው ከደመወዙ ቀነሰበት። አጎቱ ማታ የቀረውን ገንዘብ ቆጥሮ በመሐረቡ ቋጠረ፤ አላጉረመረመም። ልጁም ይህን አየ።

ልጁ ወደ ደምበጫ ከተመለሰ በኋላ የጎረቤቶቹን ከብት የመጠበቅ ተራ ደረሰው። ከመስኩ አጠገብ የአንዲት ባልቴት የበቆሎ ማሳ ነበር። ቀትር ሲሆን ዝናብ መጣ፤ ጓደኞቹም ከዛፍ ሥር ተጠልለው ይጫወቱ ዘንድ ጠሩት። ባልቴቲቱ በአጠገቡ አልነበረችም። ልጁ ግን የአጎቱን ትኬት አሰበ፤ በማሳውና በከብቱ መካከል ቆሞ እስኪመሽ ድረስ በዝናብ ተደበደበ። ከብቱን ወደ ሰፈር በመለሰ ጊዜ እንዴት እንደ ዋለ የጠየቀው የለም። እርሱ ግን ደስ ብሎት ተኛ።

ልጆች ሆይ፥ ሰው ሲያየው ብቻ የሚታመን ታማኝ አይባልም። ታማኝነት የሚታወቀው ጠያቂ በሌለበት ስፍራ፥ ዋጋም በሚያስከፍልበት ቀን ነው።