የተበደለ ሰው ስላለው መብት፤ ለመምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተዘጋጀ ትምህርት

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይላል ያገራችን ሰው። ይህም ማለት፥ ዳኛ አይቶት የታጣ ብዙ ሀብት፥ በግፍ እንደ ተወሰደ ጥቂት ነገር አያሳዝንም ማለት ነው። ነገር ግን ፍርድን መውደድ ብቻውን አይበቃም፤ ወደ ፍርድ የሚያገባውን በር ማወቅ ያስፈልጋል። በባላገር ወንጀል የተፈጸመበት ሰው ደንግጦ ወይም አፍሮ ሳለ፥ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ሽማግሌ ወይም ወደ ልጆቹ መምህር ነው። ስለዚህ በእንጅባራና በዳንግላ ዙሪያ የምትኖሩ መምህራንና ሽማግሎች ሆይ፥ ለተበዳዩ የምትነግሩት የመጀመሪያ ቃል ነገሩን ያድናል ወይም ያጠፋል።

አንደኛ፤ አቤት ስለ ማለት።

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በ37ኛው አንቀጽ፥ ማንም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ወደ ዳኞች አቅርቦ ውሳኔ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግም፥ ወንጀል መሠራቱን ባይኑ ያላየ ሰው እንኳ ቢሆን እንዲያመለክት ፈቅዷል። እንግዲህ መምህር ስለ ተማሪው፥ ጎረቤትም ስለ ጎረቤቱ ማመልከት ይችላል። ፖሊሱም የሰማውን ነገር ቢጠራጠር እንኳ መመርመር ግዴታው ነው።

መጻፍ የማያውቅ ሰው በቃሉ ይናገራል፤ ቃሉም ይጻፍለታል፤ የተጻፈውም ይነበብለታል፤ እንደ ተናገረው መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ ይፈርማል። ሳይነበብለት መፈረም አይገባውም። አፉን በአውኛ የፈታና አማርኛ የሚከብደው ሰው በአውኛ ይናገር፤ የሚያስተረጉምለትም ይጠይቅ። ነገር በሰው ቋንቋ ሲነገር ይጎድላልና።

ምሳሌ እናንሣ። የአዊ ሰው ለፈረስ ያለው ፍቅር የታወቀ ነው፤ የአዊ ፈረሰኞች ማኅበርም በ1932 ዓ.ም. የተቋቋመ ነው። አንድ ገበሬ ፈረሱ ሌሊት ከጋጣው ቢሰረቅበት «ፈረሴ ጠፋ» ብሎ ብቻ አይመለስ። መልኩ ዳማ ወይም ቦራ መሆኑን፥ ዕድሜውን፥ ምልክቱን፥ የጠፋበትን ቀንና ሰዓት፥ ያዩትንም ሰዎች ስም ያስጽፍ። ፈረሱ በገበያ በተገኘ ጊዜ የሚመሰክርለት ይህ ጽሑፍ ነው።

ሁለተኛ፤ ስለ ጊዜ።

ጊዜ ያለፈበት መብት እንደ ሌለ ይቈጠራል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ወንጀሎችን በሁለት ይከፍላቸዋል። እንደ ስድብ፥ እንደ ስም ማጥፋትና እንደ ቀላል የአካል ጉዳት ያሉት፥ ተበዳዩ ራሱ ካላመለከተ በቀር አያስከስሱም። ማመልከቻውም ተበዳዩ ወንጀሉን ወይም ወንጀለኛውን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ግድያ፥ ከባድ የአካል ጉዳት፥ ጠለፋና አስገድዶ መድፈር ግን መንግሥት ራሱ የሚከስስባቸው ናቸው።

የተደፈረች ሴት ሳትዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሐኪም ቤት መሄድ አለባት። ከኤች አይ ቪ የሚጠብቀው መድኃኒት የሚጠቅም በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነውና። አስቀድማ ገላዋን አትታጠብ፤ የለበሰችውንም ልብስ ሳታጥብ በወረቀት ጠቅልላ ትያዝ። የሐኪሙ ምርመራና ልብሱ ነገ በዳኛ ፊት ማስረጃ ይሆናሉ።

ሦስተኛ፤ ስለ ካሣ።

ብዙ ሰው በዳዩ ከታሰረ በኋላ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። እስራት ግን የሕግ ቅጣት እንጂ የተበዳዩ ካሣ አይደለም። ስለዚህ ተበዳዩ የወንጀሉ ክስ መሰማት ሲጀምር፥ የደረሰበትን ጉዳት ገልጾ ካሣ እንዲፈረድለት በዚያው ችሎት ማመልከት ይችላል። ችሎቱ ማመልከቻውን ባይቀበለው ለብቻው በፍትሐ ብሔር ይከሳል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለዚህ 2 ዓመት ሰጥቷል፤ የወንጀሉ ክስ ከዚያ የረዘመ ጊዜ ያለው ከሆነ ግን የረዘመው ይጸናል። ለዳኝነት የሚከፍለው የሌለው ድኃም፥ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ እንደሚፈቅድለት፥ ድኅነቱን አስረድቶ ሳይከፍል እንዲከስ ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ለሕክምና፥ ለመንገድና ለመድኃኒት የወጣው ገንዘብ ደረሰኝ ሁሉ ይቀመጥ።

አራተኛ፤ ስለ ዕርቅ።

ዕርቅ ያገራችን ታላቅ ሀብት ነው። የገዳይና የሟች ወገን በሽማግሎች ፊት ታርቆ ደም መመላለስ ሲቀር፥ ብዙ ነፍስ ይድናል። በማመልከቻ ብቻ በሚያስከስሱት ነገሮችም ሽማግሎች ቢያስታርቁ መልካም ነው። ነገር ግን ዕርቅ ከባዱን ወንጀል አይሽረውም፤ የተበዳዩንም አፍ ለመዝጋት አልተሰጠም።

አንዲት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ብትጠለፍ፥ የቀድሞው ልማድ ሁለቱን ቤተ ዘመዶች አስቀምጦ ካሣ መቍረጥና ልጅቱን ለጠላፊው መዳር ነበር። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም፥ ጠላፊው ካገባት ክሱ እንዲቀር ይፈቅድ ነበር። የ1996ቱ ሕግ ግን ይህን ሻረ። ሴትን ለማግባት የጠለፈ ሰው ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ ከጠለፈ በኋላ ቢያገባትም ከቅጣት አይድንም፤ ደፍሯት እንደ ሆነም የመድፈር ቅጣት ይጨመርበታል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግም ለጋብቻ 18 ዓመት መሙላትን ያዛል። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ነገር «በሽምግልና ይለቅ» የሚል ሽማግሌ፥ ቤተ ዘመዶቹን ያስታረቀ ቢመስለውም ልጅቱን ሁለተኛ በድሏታል። በዚያ ጉባኤ እርሷ ምን ትላለች ብሎ የጠየቃት የለምና።

አምስተኛ፤ ስለ ረዳት።

በወንጀል ነገር ዐቃቤ ሕግ ክሱን የሚያቀርበው በመንግሥት ስም ስለ ሆነ፥ ተበዳዩ ለእርሱ ገንዘብ አይከፍልም። ከዚህም በላይ የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች፥ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም ለችግረኞች ያለ ዋጋ የሕግ ምክር የሚሰጡ ሆነው ቆይተዋል። በወረዳውም የሴቶችና የሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ይጠየቃል።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ጦርነት ከተነሣ ወዲህ፥ መንገድ የተዘጋበትና ፍርድ ቤት ሥራው የተቋረጠበት ጊዜ ነበረ። እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም መምህሩ የተበዳዩን ቃል፥ ቀኑን፥ ስፍራውንና የምስክሮቹን ስም ጽፎ፥ ተበዳዩንም አስፈርሞ በምሥጢር ያስቀምጥለት። በሩ በተከፈተ ጊዜ ይዞት ይሄዳል።

ከትምህርቱ በኋላ የሚጠየቁ ጥያቄዎች።

1. ወንጀልን ማመልከት የሚችል ማን ነው?
2. በ3 ወር ውስጥ መመልከት ያለባቸው ነገሮች የትኞቹ ናቸው?
3. የበዳዩ መታሰር ለተበዳዩ ካሣ የማይሆነው ስለ ምንድን ነው?
4. ሽማግሎች ሊያስታርቁ የሚገባቸውና የማይገባቸው ነገር በምን ይለያል?