ኪነጥበብ የገበሬውም ነው



ፊደል ቆጥራችሁ ጋዜጣ ማንበብ ከጀመራችሁ ወዲህ «ከእንግዲህስ ምን እንማር?» የምትሉ ብዙ ናችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ያልተነበበ ፊደል እንዳልታረሰ ማሳ ነው፤ አረም ይውጠዋል። ስለዚህ ፊደላችንን ዕድሜ ልክ የምንሠራበት ጉዳይ ያስፈልገናል። ከነዚህ አንዱ ኪነጥበብ ነው። ለመሆኑ መንግሥት ኪነጥበብን የመደገፍ ግዴታ አለበት? የእኛስ ድርሻ ምንድን ነው?

1. ኪነጥበብ ምንድን ነው?

«ኪነጥበብ» ሲባል ብዙ ሰው የከተማውን ትያትር ቤት ያስባል። ነገር ግን ሰው በእጁ፣ በድምፁና በአእምሮው ውበት ያለው ነገር ሲሠራ ሁሉ ኪነጥበብ ነው። በደቦ አጨዳ ላይ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ይህ ኪነጥበብ ነው። በሰንደዶና በአክርማ የሚሰፋው መሶብ፣ የእረኛው ዋሽንት፣ የሸማው ጥለት፣ ፉከራው፣ ሙሾው ሁሉ ኪነጥበብ ነው። ሙሾ አውራጇ እናታችን የሟቹን ታሪክ በግጥም ስታወርድ ከየትኛው ወረቀት አነበበች? ከራሷ አእምሮ ነው እንጂ!

ይህን ሙያ የያዙ ሰዎች ግን በአገራችን ለብዙ ዘመን ተንቀው ኖረዋል። ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ቀጥቃጩን፣ ፋቂውን «ቡዳ» እያሉ ያገለሏቸው ብዙ ናቸው። አዝማሪውን በሠርግ ተደስተውበት በማግስቱ ይንቁታል። በሸማው እየደመቁ ሸማኔውን መናቅ ምን ይባላል? የተናቀ ሙያ ደግሞ ልጅ አይወርሰውም። ስለዚህ ለኪነጥበብ የሚሰጥ ድጋፍ ከብር በፊት በክብር ይጀምራል።

2. ሕጉ ምን ይላል?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ስለዚህ ጉዳይ ሁለት ቦታ ላይ ይናገራል። በአንቀጽ 41 መንግሥት የታሪክና የባህል ቅርሶችን የመጠበቅና ለኪነጥበብ መስፋፋት አስተዋጽኦ የማድረግ ኃላፊነት እንዳለበት ተጽፏል። በአንቀጽ 91 ደግሞ መንግሥት ባህሎችን በእኩልነት እንዲደግፍ፣ አቅም በፈቀደ መጠንም ኪነጥበብን እንዲያስፋፋ ግዴታ ተጥሎበታል።

«በእኩልነት» የሚለውን ቃል ልብ በሉ። የከተማው ባህል ከገጠሩ፣ የአንዱ ብሔረሰብ ከሌላው አይበልጥም ማለት ነው። «አቅም በፈቀደ መጠን» የሚለውንም ልብ በሉ። ሁሉም ነገር ዛሬውኑ ይሟላል ማለት አይደለም። ነገር ግን ጠያቂ ከሌለ ሕጉ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንደተባለው ሆኖ ይቀራል።

3. ካለፈው ምን እንማር?

በ1927 ዓ.ም. የኢጣሊያ ፋሺስት ጦር አገራችንን ለመውረር ሲዘጋጅ፣ በአዲስ አበባ የሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ። ሕዝቡ እየተሰበሰበ ንግግርና ዘፈን ሰማ፤ አገሩን እንዲጠብቅ ተቀሰቀሰ። ይህ ማኅበር በኋላ የሀገር ፍቅር ትያትር ሆነ። ዛሬ ብሔራዊ ትያትር የሚባለው ቤትም በ1948 ዓ.ም. ተከፈተ። ሁለቱም የሚገኙት በአዲስ አበባ ነው፤ ለገጠሩ ሰው ሩቅ ነበሩ።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ነገሩ ተለወጠ። በየቀበሌው፣ በየፋብሪካውና በየገበሬ ማኅበሩ የኪነት ቡድን ተቋቋመ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ደግሞ ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። በመጀመሪያ በ5 ቋንቋዎች፣ በኋላም በ15 ቋንቋዎች ትምህርት ተሰጠ። ብዙ ገበሬ በአፍ መፍቻ ቋንቋው መጻፍ ቻለ። ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ ሊዘነጋ አይገባም።

ሌላውም ወገን ግን መታወቅ አለበት። የኪነት ቡድኑ የመድረክ ዕድል አገኘ፤ የሚዘፍነው ግን በአብዛኛው የመንግሥትን መፈክር ሆነ። ሳንሱርም ነበረ። የማይፈለግ ግጥም ወደ መድረክ አይወጣም። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ አብዛኞቹ ቡድኖች ተበተኑ። ለምን? በትእዛዝ የቆመ ነገር አዛዡ ሲሄድ አብሮ ስለሚሄድ ነው።

የበገናን ታሪክ እንመልከት። በገና 10 አውታር ያለው የመንፈሳዊ ዜማ መሣሪያ ነው። በ1964 ዓ.ም. ገደማ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መምህር ዓለሙ አጋ ያስተምሩት ጀመር። በደርግ ዘመን ግን በገና ከሬዲዮ ራቀ፤ በትምህርት ቤቱ የሚሰጠው ትምህርትም ተቋረጠ። ታዲያ በገና ጠፋ? አልጠፋም። የሚወዱት ሰዎች በየቤታቸው ደረደሩት፤ ዛሬም ወጣቶች ይማሩታል።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ድጋፍና ትእዛዝ ይለያያሉ። ለችግኝ ውኃ ማጠጣት ድጋፍ ነው። በገመድ ጎትቶ ማጉበጥ ግን ድጋፍ አይባልም። ጥሩ ድጋፍ ቦታ፣ መሣሪያና መምህር ይሰጣል፤ የሚዘፈነውን ለዘፋኙ ይተወዋል።

4. መጻፍ መብት ያስገኛል

በ1996 ዓ.ም. የወጣ አዋጅ ቁጥር 410 የሚባል ሕግ አለ። ስለ ቅጅ መብት ይናገራል። የቅጅ መብት ማለት አንድ ሰው በፈጠረው ሥራ ላይ ያለው መብት ነው። በሕጉ መሠረት የራሳችሁ ፈጠራ የሆነ ግጥም በወረቀት ከተጻፈ ወይም በድምፅ ከተቀረጸ፣ ማንም ሳይፈቀድለት አሳትሞ ወይም ሸጦ ሊጠቀምበት አይችልም። ይህ የጥቅም መብት በሕይወት ዘመናችሁ ሁሉ፣ ከሞታችሁ በኋላም ለወራሾቻችሁ 50 ዓመት ይጸናል። መብቱን ለማግኘት መመዝገብ ግዴታ አይደለም። ካባቶች የወረስነው የሕዝብ ዜማ ግን የሁላችን ነው፤ አንድ ሰው የግሌ ነው ሊለው አይገባም።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚባለው ለዚህ ነው። አንድ አዋቂ ሽማግሌ ሲሞቱ ያልተጻፈው ግጥም፣ ተረትና ታሪክ አብሯቸው ይቀበራል። እርሳሱ ግን ዛሬ በእጃችሁ ነው።

5. ምን እንሥራ?

ሀ. ጻፉ። ከአንድ አዋቂ አባት ወይም እናት ዘንድ ሄዳችሁ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ አንድ ተረት ወይም ግጥም ጻፉ። የነገሩህን ሰው ስም፣ ቦታውንና ቀኑን ከላይ አስፍሩ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ መልሳችሁ አንብቡላቸው፤ ያርሙታል። ደብተሩን ከጭስ፣ ከአይጥና ከዝናብ ጠብቁት። በእጅ ስልክ መቅረጽም ይቻላል፤ ነገር ግን ስልክ ይሰበራልና ወረቀቱን አትተዉ።

ለ. ተማሩ፣ አስተምሩ። «የተማረ ያስተምር፣ ያልተማረ ይማር» የሚለው የዘመቻው መፈክር ለኪነጥበብም ይሠራል። መሶብ ሰፊዋ 3 ልጃገረዶች ብታሠለጥን፣ ዋሽንት ነፊው 2 እረኞች ቢያስከትል ሙያው ይቀጥላል። በ60 ዓመቱ ክራር የሚጀምር ሰውም አይሳቅበት። ትምህርት ዕድሜ አይጠይቅም።

ሐ. ጠይቁ። በወረዳው የባህል ሥራ ለሚመራው ጽሕፈት ቤት ማመልከቻ ጻፉ። «ባህል ይደገፍልን» ብቻ ካላችሁ መልሱም ደፈናው ይሆናል። የምትፈልጉትን ለይታችሁ ተናገሩ። ለምሳሌ እንዲህ፦

«ቀን ..........
ለ.......... ወረዳ የባህል ጽሕፈት ቤት
እኛ የ.......... ቀበሌ ነዋሪዎች ክራርና ዋሽንት መማር የምንፈልግ .......... ሰዎች ነን። የሚያስተምሩን ሰው አግኝተናል። በሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል እንዲፈቀድልንና 2 ክራር በመግዛት እንድትረዱን በአክብሮት እንጠይቃለን።
ስምና ፊርማ ..........»

አንድ ቅጂ ለራሳችሁ አስቀሩ። መልስ ከዘገየ ቅጂውን ይዛችሁ ሂዱ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቀበሌያችሁ እየተረሳ ያለ ሙያ ወይም ዜማ የትኛው ነው? ዛሬ የሚያውቁት ስንት ሰዎች ናቸው?
2. በሙያቸው ምክንያት የተናቁ ጎረቤቶች አሉ? እንዴት ይከበሩ?
3. በድጋፍና በትእዛዝ መካከል ያለውን ልዩነት ከራሳችሁ ኑሮ ምሳሌ ሰጥታችሁ አስረዱ።

የቤት ሥራ፦ ከሚቀጥለው ስብሰባ በፊት እያንዳንዱ አንባቢ ከአንድ ሽማግሌ ወይም ባልቴት አንድ ተረት ጽፎ ይምጣ። በስብሰባው ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብበው።