ማርሚታው ከመጋሉ በፊት

ኧረ ያን የድስት ሽቦ አስቀምጠው! ተራ ብረት ነው እኮ። ማርሚታውን፣ የሞተር ብስክሌትህን ጭስ ማውጫ፣ ስትፈገፍግበት ብናኙ ስቴንለሱ ላይ ተለጥፎ ይቀርና አንድ ዝናብ ሲያገኘው ቀይ ነጠብጣብ ያወጣል። ከዚያ «አይዝግም ብለው ሸጡልኝ» እያልክ ባለሱቁን ልታማ ነው፤ የዛገው የሽቦው ፍርፋሪ ሆኖ ሳለ።

ደግሞስ ስቴንለስ መሆኑን በምን አወቅህ? ስላብለጨለጨ? ክሮም የለበሰ ተራ ብረትም ያብለጨልጫል። ሶዶ ውስጥ ከሚርመሰመሱት ቦክሰርና ቲቪኤስ ሞተሮች ብዙዎቹ ያላቸው ወይ ጥቁር ቀለም የተቀባ ወይ ክሮም የለበሰ ማርሚታ ነው። ከተበላሸ ስፒከር ማግኔት አውጣና አስጠጋበት። ካልያዘው፣ ወይም ሳብ አድርጎ ከተወው፣ 304 የሚሉት ዓይነት ወይም ዘመዱ ነው፤ 304 ከመቶ 18 እጅ ገደማ ክሮሚየም፣ 8 እጅ ገደማ ኒኬል አለበት። ጥርቅም አድርጎ ከያዘው ግን ወይ ክሮም ልባስ ነው፣ ወይ ደግሞ 409 የሚባለው፣ ክሮሚየሙ 11 እጅ ገደማ የሆነ ርካሽ ስቴንለስ። ይህን ሳታውቅ ጨርቅ አታንሳ። የክሮም ልባስ እጅግ ስስ ስለሆነ በሚቧጭር ነገር ከፈተግኸው ይላጣል፤ ከተላጠ አለቀ። ስቴንለስ ግን እስከ ውስጡ ያው ነው። በውስጡ ያለው ክሮሚየም ከአየር ጋር ሲገናኝ ዓይን የማያየው ሽፋን ያበጃል፤ ሲቧጨርም አየር እስካገኘ ድረስ ራሱን መልሶ ይሸፍናል። የገሱባን ጭቃ ሳምንት ሙሉ ተሸክመህ አትዙር የምልህም ለዚህ ነው። ቀይ አፈራችን ብረቱ ላይ ይጋገርና እርጥበት አምቆ አየር ይከለክለዋል።

አንድ ነገር ብቻ ከያዝክልኝ ይበቃኛል፤ ቆሻሻው እያለበት ሞተር አታስነሳ። ጭቃውም፣ ዘይቱም፣ የእጅህ ወዝም ብረቱ ቀዝቃዛ ሳለ በጨርቅ ይለቃሉ። አንዴ ከጋሉ በኋላ ቡናማ ቅርፊት ሆነው ይጣበቃሉ። የጣት አሻራ ሳይቀር! አዲሱን ማርሚታ ያሰረልህ ልጅ ቅባት በነካው እጁ ይዞት ከሆነ፣ አምስቱ ጣቶቹ እዚያው ታትመው ይቀራሉ። ስለዚህ ካጠብከው ወይም ከነካካኸው በኋላ፣ ከማስነሳትህ በፊት፣ ጨርቅ በአልኮል አርሰህ ጥረገው። የእጅ ማጽጃ ጄሉን ተወው፤ ግሊሰሪን ስላለበት እሱም ይጋገራል። ፋርማሲ ውስጥ የሚሸጠውን ቀጭኑን አልኮል ማለቴ ነው፤ እሱንም ብረቱ ቀዝቃዛ ሲሆንና እሳት በአጠገቡ ሳይኖር።

ላቫጆ ስትወስደው ደግሞ ራስህ ቁምበት፤ በተለይ ለጊፋታ ሁሉም ሞተሩን ሊያሳምር በሚሯሯጥበት ሰሞን። ልጆቹ ክፋት የላቸውም፤ ግን ናፍጣ ረጭተው ማብለጭለጭ ይቀናቸዋል። ለጊዜው አዲስ ይመስላል። ማርሚታው ላይ የወረደው ናፍጣ ግን ወደ ዳሞታ ያለውን ዳገት ሳትጨርስ ተቃጥሎ ይጠቁራል። ከቦዲቲ ተፈትልከህ እንደመጣህም ቀዝቃዛ ውሃ አታስደፋበት። የጋለ ብረት ድንገት ሲቀዘቅዝ ሊጣመም ይችላል፤ ውሃውም ሲተን ነጭ ክብ ክብ ትቶ ይሄዳል። ቡናህን ጠጣ፣ እጅህን ሳትሰቀቅ ማሳረፍ ስትችል ጀምር።

ለማጠቢያ ላርጎና አሮጌ ካናቴራ ይበቃል። በረኪና ግን ወዲያ! ክሎሪን ያለበት ነገር ስቴንለስን እንደ ምስጥ ይበሳሳዋል። ሎሚና ጨው የሚልህ ካለ ሎሚውን ተቀበለው፣ ጨውን መልስለት። ሎሚው ውሃ የተወውን ነጭ ክብ ያስለቅቃል፤ ጥቂት ደቂቃ አቆይተህ በብዙ ውሃ እጠበው። እማዬ ብረት ድስት የምታጸዳበት አመድስ? በደንብ ከተነፋ፣ በእርጥብ ጨርቅ፣ ስቴንለስ ከሆነ ብቻ፣ አልቃወምም። ያልተነፋው ውስጥ አሸዋ አለ። ብራሶ ወይም የብረት መወልወያ ፓስታ ካገኘህ በጣም ትንሽ ውሰድ፤ ብረቱ ላይ ደቃቅ መስመር ካየህም መስመሩን ተከትለህ ፈትግ፣ እያዞርክ አይሁን። ፓስታውንም ምንም ሳይቀር ጥረገው።

ፌስታል ከተጣበቀበትስ? ይህ የናንተ የሞተረኞች ጣጣ ነው። ከገበያ የምትመለስ እናት ዕቃዋን አንጠልጥላ ትቀመጣለች፣ ፌስታሉ ማርሚታው ላይ ያርፋል፣ ይቀልጣል። በቢላ አትፋቀው። እዚህ ላይ ብቻ ሕጌን ልሻርና፣ ሞተሩን ለጥቂት ደቂቃ አስነሳ፣ ፕላስቲኩ ለስለስ ሲል አጥፋና በእንጨት ቁራጭ ግፋው። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያዬንም አትንካብኝ፤ አሴቶን ፌስታል አያሟሟም፣ ያለቀብኝ በከንቱ ነው። ማርሚታው እንዲታይልህ ብለህ የፈታኸውን የሙቀት መከላከያ ቆርቆሮም መልሰህ እሰረው። እኛ ቀሚስ ለብሰን ከኋላህ የምንቀመጠው ባታችንን ልናስጠብስልህ አይደለም። በዚህ ነገር አልስማማም፤ የፈለገውን ያህል ይመር።

አሁን ደግሞ ስለማታየው ወገን። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ገደማ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። አትሳቅ፣ ቤንዚኑ ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ሲገናኝ የሚሆነው ይኸው ነው። ከመናኸሪያ ገበያ፣ ከገበያ ዩኒቨርሲቲ በር እያልክ አጫጭር መንገድ ብቻ ስትመላለስ ማርሚታው እስከ ጫፉ አይግልም፤ ውሃው እዚያው ይጠራቀማል፣ ከጥላሸቱ ጋር ተደባልቆም ከውስጥ ይበላዋል። አልፎ አልፎ እስከ አረካ ድረስ ንዳው። ከሥሩ ትንሽ ቀዳዳ ካለችው የውሃ መውጫ ናት፤ «ጭስ ያፈሳል» ብሎ ሊበይዳት የሚነሳ ቢኖር ከልክለው።

ሞተሩ አጠገብ የማርሚታው አንገት ወርቃማ መሆኑ አያስጨንቅህ። ስቴንለስ ወደ 300 ዲግሪ ሲጠጋ ወርቃማ ይሆናል፣ ሙቀቱ ሲጨምር ወደ ወይን ጠጅ፣ ከ500 ዲግሪ ሲያልፍ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። በፓስታ ብታነሳው ቀጣዩ ዳገት ይመልሰዋል፤ እኔ እንዲያውም ያምርብሃል ባይ ነኝ። ሰማያዊው በአንድ ጊዜ ከደመቀና ከተስፋፋ ግን ሞተሩ ከልክ በላይ እየጋለ ነው፤ ምናልባት ቤንዚን አንሶታል፣ ወይም ከካርቡራተሩ በኋላ አየር እየሳበ ነው። በተቃራኒው የጭስ ማውጫው ጫፍ ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቶበታል። ሶዶ 2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ጠለል በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል፤ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ያጠቁራል። መንገድ ዳር በሃይላንድ የምትገዛው ቤንዚን ነጭ ጋዝ ተቀላቅሎበት ከሆነም እንዲሁ። ስለዚህ መጀመሪያ መካኒክህ ዘንድ ውሰደው፣ ካርቡራተሩንና ካንዴላውን ይይልህ፤ ብራሶው ከዚያ በኋላ ይገዛል።