ከአያቴ ማጀትና ከአባቴ መንገድ የተማርሁት

ትምህርት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ጥቁር ሰሌዳንና ደብተርን ነው። ነገር ግን በእሳት ዳር የሚሰጥ፥ በመንገድም ላይ የሚገኝ ትምህርት አለ። እኔም በዚህ ጽሑፍ የምግብ ሥራን ፍቅር ከቤተ ሰቤና ከጕዞ እንዴት እንዳገኘሁ፥ በሥራውም ውስጥ ምን ያህል ዕውቀት እንዳለ በአጭሩ ለመግለጽ እሞክራለሁ።

የመጀመሪያ መምህሬ አያቴ ናቸው። ፊደል አልቈጠሩም፤ ሆኖም ሊጥን አይተውና አሽትተው ስንት ቀን እንደ ቈየ ያውቃሉ። የጤፍ ዱቄት በውኃና በእርሾ ተቦክቶ ከ2 እስከ 3 ቀን ይቀመጣል። በዚህ ጊዜ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ተሕዋስያን በሊጡ ውስጥ ያለውን ስኳር እየተመገቡ አሲድና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን አየር ያወጣሉ። መኰምጠጡ ከአሲዱ፥ ኩፍ ማለቱ ከአየሩ ነው። ከዚያም በላዩ የጠለለው ውኃ ይቀዳል፤ ከሊጡ ጥቂት ተወስዶ በፈላ ውኃ እየተማሰለ ይበስልና ቀዝቀዝ ሲል ከዋናው ሊጥ ጋር ይቀላቀላል። ይህ አብሲት ይባላል።

«አብሲት ለምን ያስፈልጋል?» ብዬ ብጠይቃቸው፥ «ያለ አብሲት እንጀራው ዓይን አያወጣም፤ እንግዲህ ሌላውን አስተማሪህን ጠይቅ» አሉኝ። በክፍል የተማርነውም ምክንያቱን ገለጠልኝ። ዱቄት በሙቅ ውኃ ሲበስል ውኃውን እየጠጣ ይወፍራል፤ የወፈረ ሊጥም አየሩን ይዞ ያቈያል። ሊጡ በጋለ ምጣድ ላይ ሲፈስ አየሩ ወደ ላይ እየፈነዳ ይወጣል፤ የወጣበትም ቀዳዳ ዓይን ይሆናል። አያቴ ውጤቱን፥ መምህሬ ምክንያቱን ነገሩኝ፤ አንዱ ያለ ሌላው ጐደሎ ነው።

ሁለተኛው መምህሬ መንገድ ነው። አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ስለ ሆኑ ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ወራት አንዳንድ ጊዜ ይዘውኝ ይሄዳሉ። ከአዲስ አበባ በደቡብ ምዕራብ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በወልቂጤ አጠገብ፥ ከአባቴ ወዳጅ ቤት አርፈን ሳለን የቆጮን አሠራር አየሁ። እንሰት መልኩ ሙዝን ይመስላል፤ ዘመዱም ነው፤ የሚበላው ግን ፍሬው ሳይሆን ግንዱና ሥሩ ነው። ሴቶቹ ግንዱን ይፍቃሉ፥ ሥሩንም ይከተክታሉ፤ ከዚያም በእንሰት ቅጠል በተነጠፈ ጕድጓድ ውስጥ ለሳምንታት፥ አንዳንዴም ለወራት ይብላላል። ከጭማቂው የሚጠልለው ነጩ ቡላ ነው፤ ቃጫውም ለገመድ ይውላል። የሚጣል ነገር የለም። እኔን ያስደነቀኝ ግን አያቴ በቡሐቃ የሚያደርጉትን እነዚያ እናቶች በጕድጓድ ማድረጋቸው ነው። ጤፍና እንሰት አይመሳሰሉም፤ የመብላላቱ ጥበብ ግን አንድ ነው።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ወደ ድሬዳዋ ወረድን። አክስቴ የሚቀቅሉት ሽምብራ በእኛ ቤት ከሚወስድበት ጊዜ ቀድሞ በሰለ። ስመለስ የፊዚክስ መምህራችንን ጠየቅሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል የአየሩ ጫና አነስተኛ ነው፤ ከዚህ የተነሣ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በድሬዳዋ ግን ውኃው የሚፈላው በ96 ዲግሪ ገደማ ነው። የፈላ ውኃ ደግሞ እሳቱ ቢበረታበትም ከመፍያው በላይ አይግልም። ስለዚህ ድስቱ ከፈላ በኋላ እንጨት መጨመር ማባከን ነው፤ የሚሻለው ጥራጥሬውን ዘፍዝፎ ማደርና ድስቱን ከድኖ እሳቱን መቀነስ ነው። ይህን ለእናቴ ነግሬአቸው አሁን ከሰል እንቈጥባለን።

ምግብ ራሱም መንገደኛ ነው። የወጣችን ጌጥ የሆነው በርበሬ የትውልድ አገሩ አሜሪካ ነው፤ ወደ ሌላው ዓለም የወጣው ኮሎምቦስ በ1492 (በአውሮፓውያን አቈጣጠር) ወደዚያ ከደረሰ በኋላ ነው። ኮረሪማ ግን የአገራችን ተክል ነው። ሁለቱ በአንድ ድስት ሲገናኙ የሩቁና የቅርቡ ዘመድ በአንድ ማዕድ እንደ ተቀመጡ ይቈጠራል።

አሁን ወደ አሳሳቢው ነገር ልመለስ። እኔ 12ኛ ክፍልን ስጨርስ የምግብ ሥራን መማር እፈልጋለሁ። አባቴ ግን መሐንዲስ እንድሆን ይመኛሉ፤ «ወንድ ልጅ በማጀት ምን ሥራ አለው?» ይላሉ። እኔም በአክብሮት፥ «አባባ፥ በበረሃ መንገድ ከመኪናው ጥላ ሥር ሽሮውን የሚሠራው ማን ነው?» ብላቸው ሳቁ። አልፈቀዱልኝም፤ አልከለከሉኝምም። ይህንን ጽሑፍ እንደሚያነቡት አውቃለሁና፥ ሙያው እጅን ብቻ ሳይሆን ኬሚስትሪን፥ ፊዚክስንና ጂኦግራፊን እንደሚጠይቅ ይመለከቱልኝ ዘንድ እለምናቸዋለሁ።

የሚያስቸኵለኝ ሌላም ምክንያት አለ። የአያቴ ዓይን እየደከመ ነው። የበርበሬያቸውና የቅቤያቸው ቅመም መጠን ከእጃቸው በቀር የትም አልተጻፈም። ስለዚህ በየቅዳሜው እፍኛቸውን በሚዛን እየመዘንሁ በደብተር እጽፋለሁ። እሳቸውም «እፍኜ ደግሞ ይመዘናል?» እያሉ ይስቃሉ፤ ግን እፍኛቸውን ሁለት ጊዜ ሞልተው ያሳዩኛል።

የምወዳችሁ ጓደኞቼ፤ እናንተም በየቤታችሁ እንዲህ ያለ ያልተጻፈ መጽሐፍ አላችሁ። ወንድም ሁኑ ሴት፥ በዚህ ክረምት እርሳስና ደብተር ይዛችሁ ከእሳቱ ዳር ተቀመጡ። «እንዴት?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን ጻፉ፤ «ለምን?» የሚለውንም ወደ ክፍል ይዛችሁ ኑ።