ሰምቶ መመለስና ጠይቆ መመለስ
(ስለ ፊዚክስ ሴሚናሮችና ገለጻዎች)

የዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ሴሚናር ማስታወቂያ በተለጠፈ ቁጥር በዚህ ሰሌዳ ፊት የሚሰማውን ንግግር ሁላችንም እናውቀዋለን። «ማን ይሄዳል?» ይላል አንዱ። «እነሱ የሚያወሩት ለእኛ መች ይገባል!» ይላል ሌላው። የሄዱትም ቢሆኑ ወንበር ሞልተው፣ ደብተር ገልጠው፣ አጨብጭበው ይመለሳሉ። ባለፈው ጊዜ ከተቋማችን የሄድነው አሥራ አንድ ነበርን። ገለጻ ያደረጉት ሰው ጨርሰው «ጥያቄ ካለ?» ሲሉ አዳራሹ ጸጥ አለ፤ እኛም ጸጥ አልን። ስንመለስ መኪና ላይ ግን አፋችን አልተዘጋም። ጥያቄው ሁሉ የመጣልን መንገድ ላይ ነው።

ስለዚህ የሚቀጥሉት ሴሚናሮች ከመድረሳቸው በፊት፣ ከአንድ የፊዚክስ ገለጻ በኋላ ስለ ተነሣ አንድ ጥያቄ ለመጻፍ ወሰንን። ጥያቄው የተነሣው እዚሁ ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ ነው፤ ጠያቂውም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በአይስክሬም ነው። እ.ኤ.አ. በ1963፣ በዚያን ጊዜ ታንጋኒካ በምትባለው በዛሬዋ ታንዛኒያ፣ ማጋምባ በተባለ ትምህርት ቤት ተማሪዎች አይስክሬም ይሠሩ ነበር። አሠራሩ ወተቱን ማፍላት፣ ስኳር መጨመር፣ እስኪበርድ መጠበቅና ከዚያ ወደ ማቀዝቀዣው ማስገባት ነው። ማቀዝቀዣው ጠባብ፣ ልጆቹ ብዙ፤ ሽሚያ ነው እንግዲህ። አንዱ ልጅ ቦታ እንዳይቀድሙት ብሎ ወተቱን ሳያፈላ ስኳር በጥብጦ ከተተ። ኤራስቶ ምፔምባ የተባለው ደግሞ ያፈላውን ወተት ማብረዱን ትቶ በትኩሱ ከተተው። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ቢያዩ የምፔምባ ወተት በረዶ ሆኗል፤ የጓደኛው ገና ወፍራም ፈሳሽ ነው።

ምፔምባ የፊዚክስ አስተማሪውን ለምን እንዲህ እንደ ሆነ ጠየቀ። ተምታቶብህ ነው ተባለ። ዝም አለ። በኋላ በታንጋ ከተማ አይስክሬም የሚሸጡ ሰዎች ቶሎ እንዲረጋላቸው በትኩሱ እንደሚከቱት ነገሩት። እነዚህ ሰዎች ፊዚክስ ተምረው አይደለም፤ ገበያቸው ያስተማራቸው ነው። ምፔምባ ወደ ኢሪንጋ ተዛውሮ በምክዋዋ ትምህርት ቤት ሲማር፣ ስለ ኒውተን የመቀዝቀዝ ሕግ ትምህርት ሲሰጥ ጥያቄውን እንደገና አነሣ። አስተማሪው ይህ የዓለም ፊዚክስ ሳይሆን «የምፔምባ ፊዚክስ» ነው አሉት። ከዚያ ወዲያ ልጁ በሒሳብ ሲሳሳት ክፍሉ «የምፔምባ ሒሳብ» እያለ ይስቅበት ጀመር። በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ቀን የባዮሎጂ ቤተ ሙከራ ክፍት ሆኖ ቢያገኝ፣ በሁለት ትንንሽ ብርጭቆዎች የቧንቧ ውሃና የፈላ ውሃ ቀድቶ ወደ ማቀዝቀዣው ከተተ። ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ በረዶው የበዛው በፈላው በኩል ነበር።

አሁን ወደ ገለጻው እንምጣ። ከዳሬሰላም ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ዴኒስ ኦዝቦርን የተባሉ የፊዚክስ መምህር፣ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ኢሪንጋ ተጋብዘው መጡ። (ኮሌጁ በዚያን ጊዜ ከማከሬሬና ከናይሮቢ ጋር የምሥራቅ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ አካል ነበር። ይህ የጋራ ዩኒቨርሲቲ ከ1963 እስከ 1970 ቆይቶ በሦስት ተከፈለ።) የንግግራቸው ርዕስ ፊዚክስና የሀገር ልማት ነው። ንግግሩ ግማሽ ሰዓት ፈጀ፤ ጥያቄው አንድ ሰዓት። ይህን ልብ በሉልን! የእኛው ገለጻ ሁለት ሰዓት ፈጅቶ ጥያቄው ዜሮ ነበር። ምፔምባ ተነሥቶ፣ እኩል መጠን ያለው ውሃ በሁለት ተመሳሳይ ዕቃ ቢቀመጥ፣ አንዱ 35 ዲግሪ ሌላው 100 ዲግሪ ቢሆን፣ የ100 ዲግሪው ቀድሞ የሚረጋው ስለ ምን እንደ ሆነ ጠየቀ። አዳራሹ ሳቀ።

ኦዝቦርን አልሳቁም። ልጁ የተሳሳተ መስሏቸው ነበር፤ ይህንንም በኋላ ራሳቸው ጽፈዋል። ግን «አይሆንም» ብለው አላባረሩትም። ሄደው እንደሚሞክሩት ቃል ገቡ። ዳሬሰላም ሲደርሱም የቤተ ሙከራ ሠራተኛቸውን እንዲሞክረው አዘዙት። ሠራተኛው ትኩሱ ቀድሞ መርጋቱን ተናግሮ፣ ትክክለኛው ውጤት እስኪመጣ ድረስ መሞከራቸውን እንደሚቀጥሉ ጨመረበት። ይህችን ስናነብ ሳቅን፤ ቀጥሎም ራሳችንን ጠየቅን። በቤተ ሙከራ ያገኘነው ቁጥር ከመጽሐፉ አልገጥም ሲል ስንቶቻችን ነን መልሱን «አስተካክለን» የጻፍን? በመጨረሻ ኦዝቦርንና ምፔምባ በጋራ የጻፉት ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1969 በአንድ የፊዚክስ ትምህርት መጽሔት ወጣ። ነገሩም እስከ ዛሬ «የምፔምባ ክስተት» ይባላል። መሳለቂያ የነበረው ስም መጠሪያ ሆነ።

እዚህ ላይ አስተማሪዎቹን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው። እንዲያው እውነቱን እንነጋገርና፣ እኛ ብንሆንስ ምን እንል ነበር? በሒሳብ እንየው። 100 ግራም ውሃ እንውሰድ። አንድ ግራም ውሃን በአንድ ዲግሪ ለማቀዝቀዝ 4.2 ጁል ሙቀት መውጣት አለበት። ከ35 ዲግሪ ወደ ዜሮ ለመውረድ 14,700 ጁል፣ ከ100 ዲግሪ ለመውረድ 42,000 ጁል ይወጣል። ዜሮ ላይ ከደረሰ በኋላ በረዶ ለመሆን ሁለቱም ተጨማሪ 33,400 ጁል ይሰጣሉ። ድምሩ ለቀዝቃዛው 48,100፣ ለትኩሱ 75,400 ነው። ትኩሱ 27,300 ጁል ዕዳ ይዞ ነው የሚነሣው። «ትኩስ ነገር ሙቀቱን በፍጥነት ይለቃል» ብንል እንኳ አይበቃም። ትኩሱ ሲወርድ ሲወርድ 35 ዲግሪ ላይ መድረሱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ጓደኛው ከተነሣበት ቦታ ገና መድረሱ ነው። ከኋላ የመጣ በዚያው መንገድ በዚያው ፍጥነት እየሄደ የፊተኛውን እንዴት ይቀድማል? የአስተማሪዎቹ መልስ ከዚህ የመጣ ነው፤ ሞኝነት አይደለም።

ቁልፉ ያለው «በዚያው መንገድ» በምትለው ቃል ላይ ነው። ከ100 ወርዶ 35 የደረሰው ውሃ መጀመሪያውኑ 35 ከነበረው ውሃ ጋር በቴርሞሜትር ይመሳሰላል እንጂ በሌላው ሁሉ አንድ ላይሆን ይችላል። አንደኛ ነገር፣ ተኖበታል፤ ስለዚህ መጠኑ ቀንሷል። አንድ ግራም ውሃ ሲተን 2,260 ጁል ያህል ይዞ ይሄዳል፤ ይህ ከቀሪው 100 ግራም ላይ 5 ዲግሪ ከግማሽ ገደማ ማውረድ ይችላል። ከ100 እስከ ዜሮ ያለው መቀዝቀዝ በሙሉ በትነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ከውሃው 16 በመቶ ያህሉ በወጣ ነበር። ፍልውሃው የሟሟ አየሩንም አጥቷል። በውስጡ ያለው የፈሳሽ እንቅስቃሴም ሌላ ነው፤ ላዩ ሞቅ እንዳለ ስለሚቆይ ሙቀቱን በላይ በኩል ቶሎ ይለቃል። ኦዝቦርን ይህንን ለማየት ዕቃዎቹን ሙቀት በማያስተላልፍ ነገር ላይ አስቀመጡ፤ የውሃውንም ፊት በስስ ዘይት ሸፈኑ። ዘይት የለበሰው ውሃ ለመርጋት ብዙ ሰዓት ዘገየ። አብዛኛው ሙቀት የሚወጣው በላይ በኩል መሆኑን ከዚህ ተረዱ። ማቀዝቀዣው ውስጥ ውርጭ ካለ ደግሞ ትኩሱ ዕቃ ከሥሩ ያለውን ውርጭ አቅልጦ ብረቱን ይነካል፤ ቀዝቃዛው ግን ውርጩ ላይ እንደ ፍራሽ ተኝቶ ይቀራል። ይህችን የቤት እመቤቶች ከእኛ በፊት ሳያውቋት አይቀሩም።

ታዲያ ነገሩ ተፈታ? አልተፈታም። ሴሚናር የሚባለው ነገር የሚያስፈልገውም ስላልተፈታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በእንግሊዝ አገር ሄንሪ በሪጅና ፖል ሊንደን ሙከራውን በጥንቃቄ ደግመው፣ ቀደም ሲል የወጡትንም ውጤቶች መርምረው፣ ክስተቱን የሚያረጋግጥ በቂ ማስረጃ አላገኘንም አሉ። ቴርሞሜትሩ የሚቀመጥበት ከፍታ በአንድ ሳንቲ ሜትር እንኳ ቢለያይ ያልነበረ ክስተት የነበረ ሊመስል እንደሚችል አሳዩ። «ረጋ» ማለትስ ምን ማለት ነው? ዜሮ ዲግሪ መድረስ ነው? የመጀመሪያው በረዶ መታየት ነው? ወይስ እስከ ታች ደንድኖ ማለቅ? እያንዳንዱ የተለየ ሰዓት ይሰጣል። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2020 በካናዳ ሁለት ተመራማሪዎች፣ በውሃ ውስጥ በምትንቀሳቀስ በዓይን በማትታይ አንዲት የመስተዋት ቅንጣት ላይ፣ ከሙቁ የተነሣችው ቀድማ የምትቀዘቅዝበት ሁኔታ መኖሩን አሳይተዋል። እንግዲህ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆነው፤ ክርክሩ አላለቀም።

ስለ ሴሚናር ከተነሣ አንድ ልዩነት እንጠቁም። ለሕዝብ የሚሰጥ ገለጻ የታወቀውን ነገር ለማስረዳት ነው። ሴሚናር ግን ተመራማሪው ገና ያልጨረሰውን ሥራ በባልደረቦቹ ፊት አቅርቦ የሚፈተንበት ነው። እዚያ ሁሉም ነገር ካልገባን ማፈር የለብንም፤ ተናጋሪውም ሁሉም አልገባውም። ለእኛ የሚሻለው ርዕሱን አስቀድሞ ማግኘት፣ ከርዕሱ ውስጥ የማናውቃቸውን ሁለት ሦስት ቃላት ለአንዱ መምህራችን ወስዶ ማስፈታት፣ እያንዳንዳችንም አንዳንድ ጥያቄ በወረቀት ጽፈን መሄድ ነው። ደብተሩን ለሁለት ከፍሎ በግራ የተባለውን፣ በቀኝ ያልገባንን መጻፍ ይጠቅማል፤ የቀኙ ነው ጥያቄ የሚሆነው። እንግሊዝኛ ነው የሚያስፈራን የሚሉ አሉ። እኛንም ያስፈራናል። ግን እንግሊዝኛው ቢሰበር ፊዚክሱ አይሰበርም፤ ጥያቄውን ጽፎ ማንበብም ነውር አይደለም።

ማይክል ፋራዴይ የመጽሐፍ ጠራዥ ተለማማጅ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1812 የሃምፍሪ ዴቪን አራት ገለጻዎች ለንደን ውስጥ ተከታተለ። መግቢያውን የሰጠው አንድ የጠራዡ ደንበኛ ነበር። የያዘውን ማስታወሻ አስፋፍቶ 300 ገጽ ያህል አድርጎ፣ በሙያው ጠርዞ ለዴቪ ላከው፤ በሚቀጥለው ዓመት የዴቪ ቤተ ሙከራ ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። ለሁላችንም እንዲህ ይሆናል ማለታችን አይደለም። እሱ ግን ከገለጻ የተመለሰው ሥራ ይዞ ነው።

የምፔምባን ሙከራ እዚሁ ለመሞከር ለምትፈልጉ አንድ ነገር እናስታውሳችሁ። 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ባለበት እንደ አዲስ አበባ ባለ ቦታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። «100 ዲግሪ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ቴርሞሜትሩን ሳታነቡ ከመጽሐፍ ገልብጣችኋል ማለት ነው። በገጠር ትምህርት ቤት ማቀዝቀዣ ከየት ይመጣል ለምትሉ፣ ሁለት ተመሳሳይ ኩባያ ትኩስ ውሃ ቀድቶ አንዱን ከድኖ ሌላውን ሳይከድኑ በየአምስት ደቂቃው ሙቀቱን መመዝገብ ይቻላል። ሚዛን ካለ በፊትና በኋላ መዝኑት፤ ክዳን የሌለው ምን ያህል እንደ ጎደለ ታያላችሁ።

ይህን ሁሉ የጻፍነው የራሳችን ነገር ስለ ቆጨን ነው። ባለፈው የማስተማር ልምምድ ከእኛ አንዱ አምስተኛ ክፍል ስለ መለኪያ ሲያስተምር፣ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ እጁን አውጥቶ፣ «ጋሼ፣ በእንስራ ያለው ውሃ በጀሪካን ካለው ለምን ይቀዘቅዛል? ሁለቱም እቤት ነው የዋሉት» ብሎ ጠየቀው። የእኛው ሰው፣ «ከርዕሱ ውጭ ነው፤ ቁጭ በል» አለው። ክፍሉ ሳቀ። ልጁ በቀሪዎቹ ሁለት ሳምንታት እጁን አላወጣም። መልሱን እኮ የሙቀት ትምህርት ላይ ሁላችንም ተምረነዋል! ሸክላ ቀዳዳዎች አሉት፤ ውሃው በነዚያ እየሰረገ ወደ ውጭ ወጥቶ ይተናል፤ ሲተንም ከእንስራው ሙቀት ይወስዳል። 10 ሊትር ከያዘ እንስራ 100 ግራም ውሃ፣ ሁለት ሲኒ እንኳ የማይሞላ ማለት ነው፣ ቢተን፣ ከውጭ ሙቀት ባይገባበት ኖሮ የቀረው ውሃ ወደ 6 ዲግሪ በወረደ ነበር። ጀሪካኑ ፕላስቲክ ነውና አያሰርግም።

ከክፍሉ አስተማሪ ጋር ተነጋግረናል። በሚመጣው ሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ሊሰጡን ፈቅደዋል፤ ቴርሞሜትሩንም ከቤተ ሙከራ አስፈቅደናል፤ ጀሪካን አለን። የምታሰርግ፣ ያልተቀባች፣ ክዳን ያላት እንስራ የሚያውሰን ሠልጣኝ ወይም መምህር ካለ እስከ ዓርብ ለዝግጅት ክፍሉ ያስታውቅልን። ለሚቀጥለው ሴሚናር የምትጽፏቸውን ጥያቄዎችም እዚያው ስጡን፤ በሚቀጥለው እትም በዚህ ሰሌዳ እናወጣቸዋለን።