ባዶ የመሰለው ባሕር፦ ከፓኪኮርሚድ ዓሦች ጥናት የሚገኝ ትምህርት

ዛሬ ከባሕር እንስሳት ሁሉ የሚገዝፉት፣ እንደ ሰማያዊው ዓሣ ነባሪ ያሉት፣ ጥቃቅን ሕይወታውያንን ከውኃ አጣርተው የሚመገቡ ናቸው። በዳይኖሰሮች ዘመን ይህን ድርሻ የያዘ ማን ነበር? ለጥያቄው መልስ የሚሰጡት ፓኪኮርሚድ የተባሉት፣ ዘራቸው የጠፋ ጨረራዊ ክንፍ ያላቸው ዓሦች ናቸው።

አርተር ስሚዝ ውድዋርድ እ.ኤ.አ. በ1889 የሰየመው ሊድሲክቲስ፣ በእንግሊዝ አገር በፒተርቦሮ አካባቢ ከመካከለኛው ጁራሲክ የሸክላ ንብርብር የተገኘ ነው፤ ርዝመቱ እስከ 16 ሜትር ገደማ ይደርስ እንደነበር ይገመታል። ሆኖም እነዚህ አጣሪ ዓሦች በጁራሲክ ዘመን ብቻ ለአጭር ጊዜ የኖሩ ይመስሉ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2010 ማት ፍሪድማንና ባልደረቦቹ፣ በካንሳስ ከክሪቴሺየስ ዘመን አለት የወጣና ቀደም ሲል ፕሮቶስፊሬና ከተባለው አዳኝ ዓሣ ጋር ተመድቦ የቆየ ቅሪተ አካል፣ በእርግጥ አጣሪ ዓሣ መሆኑን አሳዩ፤ ቦነሪክቲስም ብለው ሰየሙት። በዚህም የአጣሪዎቹ ታሪክ ወደ 100 ሚሊዮን ዓመት ተራዘመ።

እንግዲህ ክፍተቱ የነበረው በባሕሩ ሳይሆን በምደባው ነው። የእነዚህ ዓሦች አጽም በከፊል ብቻ ወደ አጥንትነት ስለሚለወጥ፣ ቅሪታቸው ጎድሎና ተበታትኖ ይገኛል። ስለሆነም ተመራማሪ «አልነበረም» ብሎ ከመደምደሙ በፊት፣ በሙዚየም መደርደሪያ የተቀመጡትን ናሙናዎች ዳግም ሊመረምር ይገባል።